ሰባተኛው ቁጥር የት ገባ?

«ስብሰባ እንደበዛብዎ የሚያውቁባቸው 10 ምልክቶች» የሚለውን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ላክሁትና ረሳሁት። ከወራት በኋላ የአክስቴ ልጅ «ይህን አየኸው?» ብላ ላከችልኝ። ርዕሱ አሁንም 10 ይላል፤ ቁጥሩ ግን እስከ 14 ይወርዳል። የራሴን ጽሑፍ ያወቅሁት በቀልዱ ሳይሆን በግድፈቱ ነው፤ «ሰብሳቢው» ለማለት «ሰባሳቢው» ብዬ ነበር።

ወዳጅ ዘመድ አስቸግሬ 19 ቅጂ ሰበሰብኩና በሰንጠረዥ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ረጅሙ የመጨረሻው ነው ብዬ መነሳቴ ሁለት ምሽት አባከነብኝ፤ ባለ 5 ምልክቱ አጭር ቅጂ ከረጅሙ የተቆረጠ ነበርና። ቀኑም አይረዳም፤ መልእክቱ የደረሰበትን እንጂ የተለወጠበትን አይናገርም። የጠቀመኝ የብራና መጻሕፍት መርማሪዎች ዘዴ ነው፦ ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ከተጋሩ ምንጫቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ቤኔት፣ ሚንግ ሊና ቢን ማ የ33 ሰንሰለት ደብዳቤዎችን (ተቀባዩ እየገለበጠ ለሌሎች እንዲልካቸው የሚያሳስቡ ደብዳቤዎችን) የዘር ሐረግ በኮምፒውተር ስሌት አውጥተው አሳትመዋል፤ እኔ ያለኝ ዓይኔ ብቻ ነበር።

የኔ ግድፈት ብቻውን ሦስት ቅርንጫፍ አበቀለ። አንዱ እንዳለ ተወው። ሌላው አቃናው። ሦስተኛው ላርም ብሎ «አሰባሳቢው» አደረገው፤ ከእርሱ የተቀበለው ደግሞ ፊቱ ላይ «ገንዘብ» ጨመረበት። እናም «ሰብሳቢው ‹ልጨርስ ነው› ሲሉ ገና መጀመራቸው ነው» ያልኩት ስለ ገንዘብ አሰባሳቢ ሆኖ አረፈው። እውነቱን ለመናገር፣ ትርጉም አላጣም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰባተኛው ነው። «አለቃዎ ‹ባጭሩ› ሲሉ ሰዓትዎን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ያያሉ» ይል ነበር። አንድ ሰው፣ ምናልባት አለቃው ያሉበት ቡድን ውስጥ ሊልከው ሲል፣ ሰረዘው፤ ቁጥሩን ግን አላስተካከለም። ከ6 ወደ 8 ተዘለለ። ቀጣዩ ክፍተቱን አይቶ መጨረሻ ላይ እንዲህ አከለ፦ «14. ቁጥር 7 እንደሌለ ሳያስተውሉ እዚህ ደርሰዋል።» ከጻፍኳቸው አሥሩም ይበልጣል፤ ቀናሁበት።

ከዚያ አንድ ጠንቃቃ ሰው መጣና ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል አስተካከለ። አሁን ቁጥር 7 በቦታው አለ፤ የመጨረሻው መስመርም የለም እያለ ይሳለቃል። የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ ሌላኛው ቅጂ ይኸው ሲሆን፣ ከሥሩ «ይቺ የመጨረሻዋ አልገባችኝም» ብላበታለች። የመጀመሪያውን፣ የኔን፣ ላክሁላት። «ይሄስ አጭር ነው» አለችኝ።