ሕዝቡን ሊበላ የተነሳው ከንቲባ

ጥፋቱ የኔ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለች አንዲት ካፌ የጥያቄ ምሽት ስመራ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከላይ ቁልቁል እያየን፣ «ሕዝቡን ሊበላ የተነሳው ከንቲባ ማነው?» ብዬ በማይክ ጮህኩ። ጥግ ላይ ማኪያቶ ይዘው የተቀመጡ አንድ አባት ጋዜጣቸውን አጥፈው ቀና አሉ። «አንተ ልጅ፣ ቀስ በል እንጂ!»

የኔ ሰውዬ ሪቻርድ ዊልኪንስ ነበር፤ «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ያለው የሰኒዴል ከተማ ከንቲባ። እሱ የሚበላው በጥርሱ ነው፤ የተማሪዎች ምረቃ ላይ ግዙፍ እባብ ሆኖ። እኛ ጋ ግን ከንቲባ በላ ሲባል እባብ የሚያስብ የለም። ከዚያ ወዲህ የድራማውን ስም ሳልጠራ ጥያቄ አልጀምርም።

በወር አንዴ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር የጥያቄ ምሽት አለን። ተራው ሲደርሰኝ የተከታታይ ድራማ ከንቲባዎችን መረጥኩ። መጀመሪያ ሃያ ጥያቄ አዘጋጀሁ፤ ማን ተወነው፣ መቼ ታየ፣ ስንተኛው ክፍል ላይ። እህቴ ላይ ሞከርኩት። ሽንኩርት እየከተፈች ሁለቱን ብቻ መለሰች። «ዊልኪንስን ሃሪ ግሮነር ተወነው ሌላ ምን አገባኝ? ያ ወረቀቱ ላይ ራይት የሚያደርገው ከሆነ ግን አውቀዋለሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዊልኪንስ የዕለት ሥራውን በወረቀት ይጽፋል። ስካውቶችን መቀበል ይላል። ወረድ ሲል «የማልበገር መሆን»። ከዚያ የወላጆችና መምህራን ስብሰባ፣ ፀጉር መቆረጥ። የማይበገር ከሆነ በኋላ እንደ ማንኛውም ጉዳይ ራይት ያደርግበታል። ጀርም ይፈራል፣ ጸያፍ ቃል አይወድም። ሰው የሚያስታውሰው እነዚህን ነው። ሃያውንም ጥያቄ ቀድጄ በከንቲባዎቹ አመል ላይ ጻፍኳቸው።

ማታ ማይኩ አስቸገረኝ። በጣቴ መታ መታ እያደረግኩ «ይሰማል?» ስል ከኋላ አንዱ «ሚልፎርድ!» አለ። ገና አልጠየቅኩም እኮ! እ.ኤ.አ. በ1990 «ትዊን ፒክስ» የተባለው ድራማ ሲጀምር ሽማግሌው ከንቲባ ድዌይን ሚልፎርድ ስብሰባ ላይ እንደዚሁ ማይኩን ይነካካል። ከተማው በአንዲት ልጅ ግድያ ደንግጧል፤ እሱ ማይኩ መሥራቱን ያጣራል። ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም። ነጥቡን ሰጠሁት፤ ሌሎቹ ግን እስከ መጨረሻው አጉረመረሙ።

«ፖርትላንዲያ» የተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ ጥያቄ ላይ ከበደባቸው። ከንቲባውን የሚተውነው ካይል ማክላክለን ነው፤ የ«ትዊን ፒክስ» መርማሪ የነበረው። የከንቲባው ረዳት ሆኖ የሚታየው ደግሞ የዚያን ጊዜው እውነተኛ የፖርትላንድ ከንቲባ ሳም አዳምስ ነው። አንድም ሰው አልመለሰም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በምሽት አንድ ይበቃል፤ እኔ አራት ደርድሬ ነበር። ሁለት ጠረጴዛ ሰው ሒሳብ ከፍሎ ወጣ።

ለአሸናፊው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር በጠርሙስ ገዝቼ ነበር። የ«ፓወርፓፍ ገርልስ» ካርቱን ከንቲባ ኪያር ይወዳል፣ ክዳኑን መክፈት ግን ያቅተዋል። አሸናፊዋ ታገለች፣ እምቢ አላት። እኔም ሞከርኩ። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞሮ ጥግ ደረሰ። አባት ክዳኑን በቢላዋ ጀርባ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረጉትና ከፈቱት። አንድ ኪያር ለራሳቸው አወጡና «ይኼኛውስ ከንቲባ ማንን በላ?» አሉኝ።