የዳቦ ቢላችን ጥርስ የት ገባ?

ቢላ እሰበስባለሁ። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል፤ እኔ ቢላ። ይህን ለአዲስ ሰው ስናገር ፊቱ ትንሽ ይለወጣል። ቢላዎቼ ግን ከሽንኩርትና ከቲማቲም ሌላ ጠላት የላቸውም።

እህቴ የላከችልኝ የጀርመን ቢላዎች አሉ፤ የዞሊንገን ከተማ ሥራ ናቸው። ከምናለሽ ተራ የገዛሁት፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራ አለ። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በስጦታ ያገኘኋት የጃፓን ቢላ አለች። ባለቤቴ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

ጣጣው መሳያው ላይ ነው። የጀርመኖቹ ብረት በሮክዌል፣ ማለትም በብረት ጥንካሬ መለኪያ፣ ከ56 እስከ 58 ገደማ ነው፤ ስለቱ በየጎኑ በ20 ዲግሪ ማዕዘን ያህል ይሳላል። የጃፓኗ 60ን ታልፋለች፤ 15 ዲግሪ ይበቃታል። ጠንካራ ስለሆነች ቶሎ አትዶለዱምም። አጥንት ካገኛት ግን ትሸረፋለች። ለሁሉም የሚሆን አንድ መሳያ ስፈልግ ከረምኩ።

መጀመሪያ የተሰረዘው የኤሌክትሪኩ ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። መብራት ሲመጣ ምጣድ ይቅደም ወይስ ቢላ? መልሱን ባለቤቴ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ቀጥሎ ቢላውን በመሃሏ ጎትተህ የምታወጣው ትንሿ ፕላስቲክ አለች። ርካሽ ናት፣ ፈጣን ናት። ግን ብረቱን ትፍቀዋለች፤ ሲውል ሲያድር ትልቁን ቢላ ሰንጢ ታደርገዋለች። ሥጋ ቤቶች ቢላቸውን የሚያፋጩበት የብረት ዘንግስ? እሱ የተጣመመ ስለት ያቃናል እንጂ የዶለዶመ አይስልም።

ከዚያ የውሃ ድንጋይ ላይ ደረስኩ። ድንጋዩ ቁጥር አለው፤ 400 ለተሸረፈ፣ 1000 ለዶለዶመ፣ 6000 ለማለስለሻ። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ድንጋዩ ይልማል። በጣም ጥሩ ነገር ነው። ብቻ ብዙዎቹ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው አረፋ ማውጣት እስኪያቆሙ መጠበቅ አለባቸው። ይሄ እንግዲህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው። ሳህን ሳይታጠብ ተቆልሎ፣ የጓደኛዬ ድንጋይ በሳፋ ውሃ ሲጠጣ ያየች ባለቤቴ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ልጆችም ያነባሉ።

በመጨረሻ መቆንጠጫ ያለውን ገዛሁ። ቢላውን ትቆነጥጠዋለህ፣ ድንጋዩ በዘንግ ላይ ይመላለሳል፣ ዲግሪውን በብሎን ታስተካክላለህ። እጅህ ቢንቀጠቀጥም ዲግሪው ንቅንቅ አይልም። የእኔው የአልማዝ ሰሌዳ ስላለው ሳፋ አይፈልግም። አንዱን ጎን ስትስል በሌላው ጎን ቀጭን የብረት ትራፊ ይወጣል፤ በጣትህ ይታወቅሃል። ያኔ ትገለብጣለህ። አንድ ቢላ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ማንም የማይጠራኝ ሰዓት ነው።

ለገና አማቴ መጡ።

ዕቃውን አዩት። «ይሄ ለምንድን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እሳቸው ቢላ የሚስሉት በሲኒ ቂጥ ነው። እንዳትስቁ! የሲኒ ቂጥ ላይ ያለው ሻካራ ቀለበት ያልተቀባ ሴራሚክ ነው። ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው የሴራሚክ ዘንግ ያው እሱ ነው። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። አንዴ ልክ ነዎት ከተባሉ እስከ ጥምቀት አይመለሱም።

በዋዜማው ሥራ ነበረኝ። ከመውጣቴ በፊት «እማዬ፣ አደራ፣ ይቺን ቢላ አጥንት እንዳያስነኳት» አልኩ። «ምን በወጣኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ማታ ስገባ ቤቱ በቁሌት ሽታ ታውዷል፣ ዶሮው 12 ብልቱ ወጥቶ ታጥቧል፣ የጃፓኗን አጥንት አልነካትም።

«ና እስኪ ቢላዎችህን እያቸው!» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

ለካ ከሰዓት በኋላ ቢላ ሞራጁ በሰፈሩ አልፏል። ያ በእግሩ እየረገጠ ድንጋይ የሚያሽከረክረው ሰውዬ። አማቴ ከበረንዳ ጠርተውት፣ ስብስቡን በሙሉ በሰፌድ ይዘው ወርደዋል።

የባሌስትራው ካራ አምሮበታል፤ ያለ ወገኑ አልሄደም። ጀርመኖቹ ጭረት በጭረት ሆነዋል። የጃፓኗ ጫፏ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይዛለች። ብረት በሞረድ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ለቋል ማለት ነው። «ቀለሟ ራሱ አማረ» አሉ አማቴ።

ከዚያ የዳቦ ቢላውን አነሳሁ። ጥርስ የለውም። ልሙጥ ነው።

«እሱማ ምን እንደበላው እንጃ፣ መጋዝ ሆኖ ነበር እኮ!» አሉ። «ሰውየውም እምቢ ብሎ ነበር። ለምኜ፣ ጨምሬ ከፍዬ ነው ያስተካከለልህ።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ለአማት ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። በማግስቱ ድፎውን እንድቆርስ ያንኑ ቢላ ሰጡኝ። ግማሹ ፍርፋሪ ሆነ። «ዳቦው አልበሰለም» ተባለ፤ ጋጋሪዋ ባለቤቴ ናት፤ የዚያን ዕለት ሳቋ እዚያ ላይ አበቃ።

በሌላ ቀን ሞራጁን በር ላይ አገኘሁት። «ወንድሜ፣ በስንት ዲግሪ ነው የምትሞርደው?» አልኩት።

«ለአጥንት ነው ለሽንኩርት?»

«ለሽንኩርት።»

«እንግዲያው አስተኛዋለሁ። ለአጥንት ከሆነ ቀና አደርገዋለሁ።»

ልክ ነው። የእኔ ዕቃ መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው፣ በብዙ ሥዕል። ዕቃውን ከላይ አምጥቼ አሳየሁት። አገላብጦ አየው። ብሎኖቹን ወደዳቸው።

«አንዱን ቢላ በስንት ሰዓት ይስላል?»

«በአንድ ሰዓት።»

«ታዲያ ልጆች ምን ይበላሉ?»

መልስ ስላልነበረኝ የዳቦ ቢላውን አወጣሁ። «የዚህን ጥርስ መመለስ ትችላለህ?»

ገና ሲያየው አወቀው። «እምቢ ብዬ ነበር እኮ» አለ። ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «እመልሰዋለሁ። የመጋዝ ግን ዋጋው ሌላ ነው።»