ስፒሩሊናውን ፀሐይ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት

ቢሾፍቱ ላይ ስፒሩሊና የተባለውን ለምግብ የሚሆን አልጌ ለማልማት ያደፋፈረኝ የአረንጓዴ ሐይቅ ነው። ሶዳ የበዛበትን ያን ውሃ አረንጓዴ ያደረገው ይኸው አልጌ ነው፤ ሐይቅ ያለማንም ርዳታ የሚያበቅለውን እኔ በገንዳ እንዴት ያቅተኛል አልኩ።

ጅማሬው አላስቸገረኝም። ዘር፣ ማለትም ሕያው አልጌ ያለበት ውሃ፣ አገኘሁ፤ በአንድ ሊትር ውሃ 16 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ከጨው፣ ከናይትሬትና ከፎስፌት ጋር በጠበጥኩ፤ ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሦስት ሳምንት አሳደግኩት። ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። የጤንነት ምልክት መስሎኝ በቀለሙ እኩራራ ነበር።

አሠልጣኛችን «ስፒሩሊና ፀሐይ ወዳድ ነው፤ ጥላ አታብዙበት» ብለውን ነበር። እኔም በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ዘሩን በአራት እጥፍ ውሃ አቅጥኜ ደጅ ባለው ገንዳ ገለበጥኩት። ውሃው እጅ ያደነዝዝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ቀለሙ ገረጣ፤ ማታ ወደ ቢጫ አደላ፤ በማግስቱ አረፋና ክፉ ሽታ ብቻ ቀረ። ለአሠልጣኙ ስደውል «ውሃው ተበክሎ ይሆናል» አሉኝ። ገንዳውን ፈተግኩ፣ አዲስ ጨው ገዛሁ፣ ያተረፍኩትን ዘር አባዝቼ ያንኑ ስሕተት ደገምኩ። የመጀመሪያው ባለማወቅ ጠፋ እንበል፤ ለሁለተኛው ግን ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩም። ቀለሙ ሲለወጥ በዓይኔ እያየሁ በስልክ የተነገረኝን አመንኩ።

ነገሩ የብክለት አልነበረም። በደብዛዛ ብርሃን የሚያድግ አልጌ፣ ጠብታ እንዳያመልጠው ሰፊ ጣሪያ እንደሚዘረጋ ሰው፣ ብርሃን የሚይዝበትን ቀለም ያበዛል። የኮራሁበት ጥቁረት ይህ ነበር። ድንገት ሙሉ ፀሐይ ሲያርፍበት የያዘውን ብርሃን ሁሉ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ትርፉ ብርሃን በፀሐይ ምግቡን የሚሠራበትን (የብርሃን አስተጻምሮ) አካል፣ በተለይም ዲ1 የተባለውን ፕሮቲን ይሰብራል። ሕዋሱ ዲ1ን ሁልጊዜ ያድሳል፤ ብርድ ግን እድሳቱን ያዘገያል። 35 ዲግሪ አካባቢ ለሚመቸው ስፒሩሊና የታኅሣሥ ማለዳ ከቀትር ፀሐይ የከፋ ነው። በማቅጠኔ ደግሞ አንዱ ሕዋስ ለሌላው ጥላ መሆኑን አስቀረሁበት።

አልጌው መከላከያ የለውም ማለት አይደለም። ካሮቲኖይድ የተባለ ብርቱካናማ ቀለም የተሸከመ አንድ ፕሮቲን ትርፉን ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሙቀት ቀይሮ ያስወግዳል። የተከማቸውን ቀለም ለመቀነስ ግን ቀናት ያስፈልጉታል፤ እኔ አንድ ጠዋት እንኳ አልሰጠሁትም።

አሁን ገንዳው ላይ ድርብ የጥላ መረብ እዘረጋለሁ፤ በአሥር ቀን ውስጥ በየጥቂቱ እገልጠዋለሁ። ውሃው 20 ዲግሪ ሳይደርስ ጠዋት አልነካውም። ባቀጠንኩበት ቀን ጥላውን ከቶ አልቀንስም። ሁሉም ሕዋስ ተራ በተራ ከብርሃን እንዲያርፍ ቀኑን ሙሉ አማስላለሁ። በሳምንት ውስጥ ጥቁረቱ ወደ ፈካ አረንጓዴ ሲለወጥ ናይትሬት ጎደለው ብላችሁ አትጨምሩ፤ ከፀሐዩ ጋር እየተላመደ ነው። በአንድ ቀን ቢጫ ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ሸፍኑት።

ዛሬ ዘር ፈልገው የሚመጡትን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ስለ ጥላ ነው። የሌለው ሰው መረብ ገዝቶ እስኪመለስ ዘሩን አልሰጠውም።