በ55 ዲግሪ የባከኑ አራት ወራት

ወደ ወንዶ ገነት የሄድኩት ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከፍል ውሃው ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ ለማውጣት ነበር። የትብብር ደብዳቤው ሁለት ሳምንት አመላለሰኝ። ናሙናውን መቅዳት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እረኞች በቆሎ በሚቀቅሉበት ምንጭ ላይ ቴርሞሜትሬ 78 ዲግሪ አሳየኝ፤ ቁጥሩን መዝግቤ፣ ከድንጋዩ ላይ ዝቃጭ በጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ።

ያን ቁጥር መዘገብኩት እንጂ አልሠራሁበትም። የላቦራቶሪው መመሪያ «በ55 ዲግሪ» ስለሚል ኢንኩቤተሩን (ባክቴሪያ በተወሰነ ሙቀት የሚያድግበትን ሳጥን) 55 ላይ አድርጌ በተለመደው ኒውትሪየንት አጋር፣ ማለትም ምግብ በበዛበት የረጋ ማብቀያ ላይ ዘራሁት። በማግስቱ ሳህኑ ሞልቶ አገኘሁትና ተደሰትኩ። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ያንኑ ባክቴሪያ ሳጣራ፣ ሙቀት ይችላል ብዬ የጠበቅሁትን ኢንዛይሙን ስለካ ኖርኩ። ኢንዛይሙ 80 ዲግሪ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ኬሚካሉ ነው ብዬ ኬሚካል ቀየርኩ፤ መለኪያው ነው ብዬ የሌላ ክፍል መለኪያ ለመንኩ። በመጨረሻ የባክቴሪያ ዓይነት የሚለየውን የግራም ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ወይን ጠጅ ዘንግ፣ በሆዱ ስፖር (ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ እንክብል) የያዘ፤ በአፈር ውስጥ የተለመደው ባሲለስ ነበር! ከአፈር መጥቶ በስፖርነት ፍል ውሃው ውስጥ የተኛ መንገደኛ እንጂ የምንጩ ነዋሪ አልነበረም። ይህን ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት ብሠራው አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይበልጥ የሚያናድደው መልሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ታትሞ መገኘቱ ነው። አሜሪካዊው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በአሜሪካ የሎስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ቴርመስ አኳቲከስ የተባለውን ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ ያገኙት፣ ሌሎች በ55 ዲግሪ ሲፈልጉ ያመለጣቸውን እነርሱ 70ና ከዚያ በላይ ስላሞቁና ምግቡን ስለቀነሱ ነው። ለፒሲአር (ዲኤንኤን ለማባዛት) በውጭ ምንዛሪ የምንገዛው ታቅ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም የተገኘው ከዚያ ባክቴሪያ ነው። እኛ ደግሞ ፍል ውሃው ደጃችን እየፈላ 55 ላይ እንዘራለን።

ስለዚህ መመሪያውን ተዉትና ምንጩን አዳምጡ። ሙቀቱን ከ70 አታውርዱ። ለምግብነት ትሪፕቶን (የተፈጨ ፕሮቲን) እና የእርሾ ኤክስትራክት በሊትር አንድ አንድ ግራም ይበቃል፤ ከድሃ ውሃ የመጣ ፍጡር ምግብ ሲበዛበት አያድግም። አጋሩን ከተለመደው እጥፍ አወፍሩት፤ ሳህኑንም ከእርጥብ ጥጥ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት እሰሩት፤ አለዚያ በሁለት ቀን ደርቆ ይሰነጠቃል። በማግስቱ የሚሞላ ሳህን ካያችሁ ተጠራጠሩት።

እኔ በራሴ ገንዘብ ወንዶ ገነት ተመልሼ እንደገና ቀዳሁ። በሦስተኛው ቀን የመርፌ ራስ የሚያክሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ወጡ፤ በግራም ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ቀጫጭን ሮዝ ክሮች ሆነው ታዩኝ፤ ባሲለስ አልነበሩም። ጥናቱን ለማስረከብ ግን አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በስሜ የተቀመጠው ጥናት የባሲለሱ ነው፤ ቢጫዎቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው።