ሞቶ መነሳት ሰለቸን

የኮሚክስ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ጀግና ሞተ ሲባል አሁን ማን ይደነግጣል? ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ሞተ፣ ሰው መጽሔቱን ለመግዛት ተሰለፈ፣ በ1993 ሰውዬው ፀጉሩን አሳድጎ ከች አለ። ካፒቴን አሜሪካም ያው ነው።

እኔን የሚያበግነኝ ግን የባትማን ረዳት፣ የጄሰን ቶድ ነገር ነው። በ1988 አንባቢዎች ስልክ እየደወሉ ይሙት ወይስ ይኑር ብለው ድምፅ ሰጡበት። ይሙት ባዮቹ በ72 ድምፅ አሸነፉ (ጭካኔ እኮ ነው!)። ባትማን የልጁን ልብስ በመስታወት ሣጥን አስቀምጦ ለዓመታት ሲብሰከሰክ ኖረ፤ ገጸ ባሕሪውን ያከበደውም ያ ሐዘን ነበር። በ2005 ልጁ ተመልሶ መጣ። እሺ፣ አመጣጡ መጥፎ አይደለም። ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ ለምን ነበር? አሁንማ አንዱ ሲሞት አሳታሚዎቹ ሽያጭ ቀንሶባቸው ይሆናል እላለሁ እንጂ እንባዬ ጠብ አይልም።