ፍሬኑን የፈታሁት እኔ ነኝ

ስኩተሯ አጥር ሥር ቆማ ሁለት ክረምት አልፎባታል። አረጋውያን ተቀምጠው የሚነዷት፣ በባትሪ የምትሄደዋ ዓይነት ናት። ባለቤቷ ጎረቤቴ ናቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት። በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው። አዲስ ከተገዛላቸው ወዲህ አሮጌዋን ዞር ብሎ ያያት የለም። አንድ ቀን ካሪዮላ እየገፋሁ ቁና ቁና ስተነፍስ አዩኝና በጣታቸው ወደ እሷ አመለከቱ። ቋንቋው ገና አልገባልኝም ነበርና «ወስደህ ጣልልኝ» ያሉኝ መሰለኝ። ለካ «ውሰዳት፣ ለሥራህ ትሁንህ» ነው ያሉት።

ወገቤ ያኔ አልቆለታል። ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳለሁ። ቀን ደግሞ ጓሮ ያለችውን ቁራሽ መሬት እቆፍራለሁ። እንቅልፍ መቼ ነው አትበሉኝ። መሬቷ ዳገት ናት። አፈርና ፍግ የሚራገፈው ታች በር ላይ፣ መደቦቹ ያሉት ላይ። ሰው ልጥራ ብል የማውቀው ሁሉ እንደኔው ፈረቃ ላይ ነው። ስለዚህ ስኩተሯን ሳያት የታየችኝ ሞተር ያላት ጋሪ ሆና ነው።

መቀመጫውን፣ መሪውን፣ የፕላስቲክ ሽፋኑን አነሳሁ። ከሥር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ሠርተዋል። ሁለቱም ሞተዋል፣ የአንደኛው ጎን አብጧል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ባዶውን ከከረመ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋግርበትና አይመለስም። የኋላው ክፍል ግን ደህና ነው። ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ዲፈረንሻሉና አክስሉ አንድ ላይ የተገጠመ፣ ከነጎማው። ላዩ ላይ ጋሪ መበየድ ብቻ ነው የቀረኝ አልኩ።

የመኪናዬን ባትሪ አምጥቼ ሞተሩን በቀጥታ ነካሁት። 12 ቮልት ቢሆንም ቀስ ብሎ መዞር ነበረበት። ብልጭ አለ፣ «እምምም» አለ፣ አልዞረም። ሽቦው እጄ ላይ ጋለ። ተቃጥሏል ብዬ ልተወው ስል የሞተሩ ጭራ ላይ አንድ ክብ ነገር አየሁ። ስፋቱ መዳፍ ያህል ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ወጥቶለታል፣ በሦስት ብሎን ታስሯል። ፈታሁትና እንደገና ሞከርኩ። ሞተሩ ዞረ!

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ክቧን ነገር የብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ወረወርኳት።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ኮንትሮለሩ ነው፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን። ሌላ ባትሪ አግኝቼ ሳበራው መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ይጮኻል፣ ሞተሩን ግን አያንቀሳቅስም። ተናደድኩና እሱንም ዘለልኩት። ሞተሩን ከባትሪው ጋር በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አገናኘሁት። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ጭነት ስድስት ሳጥን አፈር ነው። ማብሪያውን ስጫን ጋሪው እንደ ፈረስ ዘለለ። ዳገቱን ግን ወጣ። መሃል ላይ አንድ ሳጥን ሊወድቅ ሲል አጠፋሁት። ጋሪው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ልይዘው ሞከርኩ፣ ጫማዬ ተንሸራተተ። ጋሪው ከነአፈሩ ቁልቁል ወርዶ የእማማን አጥር ገጨ። ጣውላዎቹ ተሰበሩ። ከኔ ጭረት በቀር ማንም አልተነካም፣ ተመስገን። እማማ በመስኮት ብቅ ብለው ቁስሌን እንጂ አጥራቸውን አላዩም።

ማታ ለጋሼ ደወልኩ። ጋሼ አገር ቤት 20 ዓመት ኤሌክትሪሻን ነበር። እዚህ ወረቀቱን የሚቀበለው ስላጣ ታክሲ ይነዳል። ኤሌክትሪክ የሚለካበትን ቴስተሩን ግን አልጣለም። በአሮጌ ሻርፕ ጠቅልሎ መኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞት ይዞራል። ከሥራ ሲወጣ መጣ። ገና ጎንበስ እንዳለ ነው የጠየቀኝ።

«ይሄን ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሞተሩን ይዞ አላዞር ሲለኝ...»

«እንዲይዝ አይደል እንዴ የተሠራው!»

ክቧን ከብሎኑ ቆርቆሮ አወጣት። ከምንም በፊት የጣት ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። «24 ቮልት ደረቅ እጅን እንኳን አይነዝርም፣ ግን ቀለበትህ ወይም መፍቻህ ሁለቱን ዋልታ ካገናኘ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ጣትህን ይዞ» አለ። ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦ ባትሪው ላይ ነካ አደረገ። ቀጭ! «አሁን መሃሏ ያለውን ዲስክ አዙረው» አለኝ። በአንድ ጣቴ ዞረ። ሽቦውን አነሳ። ቀጭ! በሁለት እጄ ብታገለው ንቅንቅ የለም።

ክቧ ነገር ለካ ፍሬን ናት፣ ግን የመኪና ፍሬን ተቃራኒ። የመኪናው ስትረግጠው ይይዛል። ይሄኛው ኤሌክትሪክ ሲያጣ ነው የሚይዘው። ውስጡ ያሉት ሞላዎች ሁልጊዜ ዲስኩን ጨምቀው እንደያዙ ናቸው። ኮንትሮለሩ ሊነዳ ሲል ጥቅልል ሽቦውን በኤሌክትሪክ ማግኔት ያደርገዋል፣ ማግኔቱ ሞላዎቹን አሸንፎ ዲስኩን ይለቀዋል። ባትሪ ቢያልቅ፣ ሽቦ ቢበጠስ፣ የሚነዱት ሴት እጃቸውን ቢያነሱ፣ ዳገት ላይ ተተክሎ ይቀራል። እኔ ተቃጥሏል ያልኩት ሞተር ፍሬኑ ይዞት የሚታገል ጤነኛ ሞተር ነበር። ኮንትሮለሩም የጮኸው በከንቱ አይደለም። ጥቅልሏ መገናኘቷን ይፈትሻል፣ ካጣት አይነዳም። ሲነግረኝ ነው የዘለልኩት።

ፍሬኑን መለስን። ኮንትሮለሩ አሁንም ሌላ ብልጭታ አሳየ። ይሄኛውም የኔው ጥፋት ነበር። በአውራ ጣት የሚገፋውን ማንሻ ሰብሬው፣ በምትኩ የራዲዮ ድምፅ ማስተካከያ ዓይነት ፖቴንሽዮሜትር ገጥሜ፣ ዜሮ ላይ አድርጌዋለሁ። ለዚህ ኮንትሮለር ደግሞ መቆሚያው መሃሉ ነው። ከመሃል ወዲያ ወደ ፊት፣ ከመሃል ወዲህ ወደ ኋላ። ዜሮ ላይ ሲያገኘው «ይሄ ሰውዬ ገና ስበራ በሙሉ ፍጥነት ወደ ኋላ ሊሄድ ነው» ብሎ እምቢ አለ። መሃል ላይ አድርገን፣ እጅ ሲለቀው ወደዚያው የምትመልስ ሞላ ገጠምንለት። ፊውዙንም ከባትሪው ፖዘቲቭ ዋልታ አንድ ስንዝር ሳይርቅ አሰርን። እኔ ጭራሽ ፊውዝ አላሰብኩም ነበር።

የተጣላነው በጎማ ነው። እኔ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልቅ ጎማ ፈልጌያለሁ፣ የስኩተሯ 25 ነው። ጋሼ ካርቶን ቀዶ ጻፈልኝ። ጋሪው ከነጭነቱ 150 ኪሎ ይሁን። በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት 15 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይስበዋል። የለሰለሰ አፈር ሌላ 15 ይጨምራል። ይሄን በሴኮንድ አንድ ሜትር ለመሳብ 300 ዋት ገደማ ጎማው ላይ መድረስ አለበት። ማርሹና ሞተሩ የሚበሉት ሲታከልበት ከባትሪው 420 ዋት ይወጣል፣ ወደ 18 አምፔር ማለት ነው። «ጎማውን 40 ስታደርገው» አለ፣ «ፍጥነቱ በ1 ነጥብ 6 ይበዛል፣ የመሳብ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 10 ይጠጋል። ከኋላው ልትሮጥ ነው?»

አልሮጥም አልኩ። 30 ላይ ተስማማን፣ ሰፊና በአየር የሚነፋ። ድፍኑ የስኩተር ጎማ ለአስፋልት እንጂ ለአፈር አይሆንም፣ ይሰምጣል።

አሁን ጋሪው በቀን ሃያ ጊዜ ይመላለሳል። ባትሪዎቹ 35 አምፔር ሰዓት ናቸው። ግማሹን ብቻ ነው የምጠቀመው፣ የእርሳስ ባትሪ ከዚያ በላይ ሲጨልጡት ዕድሜው ያጥራል። ጥቂትም ብሠራ ማታ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። ከአምስት ከባድ ጭነት በኋላ ሞተሩን በእጄ እዳስሰዋለሁ። ካቃጠለኝ እኔም እሱም እናርፋለን። ይሄ ለወገቤ የተገኘ ሰበብ መሆኑን ማንም አያውቅም።

አጥሩን ቅዳሜ ለት ከጋሼ ጋር ሆነን ጠገንን። ስንጨርስ እማማ አዲሷን ስኩተር እያሳዩ አንድ ነገር አሉን። ከጠዋት ጀምራ አልሄድ ብላቸዋለች። ጋሼ ቴስተሩን እንኳን አላወጣም። ጎንበስ ብሎ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ገፋት። ስኩተሯን በእጅ ለመግፋት ፍሬኑን የምታላቅቅ ናት። አንድ ሰው ገፍቷት ሳይመልሳት ቀርቷል። እንዲህ ሆና ደግሞ ኮንትሮለሩ አይነዳም። ዳገት ላይ ቢሆኑ ኖሮ እንደኔ ጋሪ ይንደረደሩ ነበር።

እማማ ማንሻውን ነካ ሲያደርጉ ሄደችላቸው። ሳቁ። ወደ ጋሼ እያዩ ቀስ ብለው፣ እኔ እንኳን የምረዳው ጥያቄ ጠየቁ። ሥራው ምንድን ነው?

ላስተረጉም አፌን ስከፍት ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ቀለበቱን ከኪሱ እያወጣ፣

«ኤሌክትሪሻን ነው በላቸው» አለኝ።