የጎረቤት ጉድጓድ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ለአንዲት እናት የጂ ፕላስ ዋን ቤት የግንባታ ወጪ ግምት ሠራሁላቸው። ብሎኬቱን በካሬ 13፣ የ12 ሚሊ ፌሮውን በሜትር 0.888 ኪሎ መታሁ። ለብክነት 5 ፐርሰንት ጨመርኩ። የበር እጀታ እንኳ አልቀረኝም።

መሬቱን ግን ሄጄ አላየሁትም። «ጎረቤት ለመሠረት 1.5 ሜትር ነው የቆፈረው» ሲሉኝ እሱኑ ጻፍኩ። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ቆፋሪዎቹ 1.5 ሲደርሱ አሁንም ጥቁር አፈር ነው። ይሄ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ወለልና ግድግዳ ይዞ ይነሳል። ወጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ መተካት አለበት። ሌላ 80 ሳንቲም ወረድን። የሚቆፈረው 120 ካሬ በ0.8 ሜትር፣ 96 ሜትር ኩብ። አፈር ሲቆፈር ስለሚላላ 30 ፐርሰንት ስትጨምሩበት ወደ 125 ይጠጋል። ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ፣ 8 ቢያጆ፣ 8 ምልልስ! ያ ማውጫው ብቻ ነው። የሚገባው ገረጋንቲም ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ከ96 በላይ ማዘዝ ግድ ነው።

«ልጄ፣ እጀታ ቆጥረህ ይሄን እንዴት ዘለልከው?» አሉኝ።

ምን ልበል? ቡና አፈሉ። የገረጋንቲው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ስንማከር በረካው ደረሰ።